ሰርጉ ማለቁን ማንም ያልነገረው ታፔላ

ልንገራችሁ ወይ? ንገረን በሉኝና ልጀምር። ቀረብ በሉ፣ ድምፄ እንደ ድሮው አይደለም።

አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ልናገር። ይህን ታሪክ የሰማሁት ከብዙ ዓመት በፊት ነው፤ አንዳንዱን አሳስቼ ይሆናል። ፍየሏ ነጭ ነበረች ወይስ ቡራቡሬ፣ እርግጠኛ አይደለሁም። የጦጣው ዘመዶች ዘጠኝ ነበሩ ያለኝ አለ፣ አስራ አንድ ያለኝም አለ። እኔ ዘጠኝ እላለሁ፤ አብዝቶ ከመሳሳት አሳንሶ መሳሳት ይሻላል ብዬ ነው። ዋናውን ነገር ግን አልረሳሁትም።

በዚያ ዘመን እንስሳም ይናገር ነበር፣ ዕቃም ይናገር ነበር። እርስ በርሳቸው ቀኑን ሙሉ ያወራሉ። ሰውን ግን እሱ ካልጠየቃቸው ወይም ካላዘዛቸው አያናግሩትም። ሰው ደግሞ ሥራ ይበዛበታል። መኮትኮቻውን "እንዴት ዋልክ?" ብሎ የሚጠይቅ ስንት ሰው አለ?

በአንዲት ትንሽ ከተማ ዳር፣ ቤቱ አልቆ የወንዙ ጫካ በሚጀምርበት ቦታ፣ አቶ እንዳላማው እና ወይዘሮ ዘርፌ የሚባሉ ባልና ሚስት ይኖሩ ነበር። ስንዱ የምትባል አንዲት ልጅ ነበረቻቸው። ስንዱ ከፋሲካ በኋላ ተዳረች።

ቤታቸው ከመንገድ ገባ ያለ ስለሆነ እንግዳው እንዳይጠፋ ብለው አቶ እንዳላማው ታፔላ ሠሩ። ስስ ጣውላ ነጭ ቀለም ቀቡ። በላዩ በቀይ "ወደ ሰርጉ ቤት" ብለው ጻፉ። ከጽሑፉ ሥር ክንድ የሚያህል ቀይ ቀስት ሳሉ። ከዚያ በባሕር ዛፍ እንጨት ላይ ቸነከሩትና በሰርጉ ቀን ጠዋት ድንኳኑ በሚታይበት መገንጠያ ላይ አቆሙት። ጣውላውን ትከሻው ላይ መታ መታ አደረጉና እንዲህ አሉት፦

"የመጣውን ሁሉ አስገባ። ማንንም እንዳትመልስ። አንድ እንግዳ ከደጄ ቢመለስ አዋረድከኝ ማለት ነው።"

ታፔላው ሰማ። የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ትምህርቱ ይኸው ነበር።

ሰርጉ ደመቀ። እንግዳው መጣ፣ በላ፣ ጠጣ፣ ጨፈረ፣ ሄደ። ድንኳኑ ፈረሰ። ወንበሩ ወደ እድሩ ተመለሰ፣ ድስቱ ወደ ጎረቤት ተመለሰ። ታፔላውም ተነቅሎ ከቤቱ ኋላ ተጣለ። በጎተራው የነበረ እህልም አለቀ። ሙሽሮቹ የሙሽራው አገር ሩቅ ስለሆነ በማግስቱ ተነሡ። ስንዱ ስትሰናበት፣ "እማዬ፣ ከመስቀል ማግስት እንመጣለን" አለች።

ወይዘሮ ዘርፌ ባዶውን ጎተራ አዩና ባላቸውን፣ "አንተ ሰው፣ ልጄ ለመጀመሪያ ጊዜ ከባሏ ጋር እንግዳ ሆና ስትመጣ፣ ባዶ ማዕድ ፊት አላስቀምጣትም" አሏቸው።

"ጓሮው አለ" አሉ አቶ እንዳላማው።

ጓሮው ነበር። ጎመን ነበረ፣ አደንጓሬ ነበረ፣ ሁለት መደብ ድንችም ሊተክሉ ነው። ሌላ ምንም አልነበረም። ለስንዱ የሚቀርበው ከዚያ ጓሮ ካልወጣ ከየትም አይወጣም።

በግንቦት መጨረሻ አጥሩ በወንዙ በኩል ተሸነቆረ። አቶ እንዳላማው ዙሪያውን ቢፈልጉ ሌላ እንጨት አጡ። "ይሄ ጣውላ ከሚበሰብስ ለጓሮው ይሁን" አሉና ታፔላውን አንሥተው ሽንቁሩ ላይ በአንድ ሚስማር መቱት። የቀራቸው ሚስማር አንድ ብቻ ነበር። ጽሑፉ ወደ ውጭ ሆነ፣ ቀስቱ ወደ ጓሮው ሆነ። እሳቸው ይህን ልብ አላሉትም። ሽንቁሩ ተደፈነ፣ በቃ።

ታፔላው ደስ አለው። "አዲስ ቦታ ሰጡኝ" አለ። "ከበሩ ላይ አቆሙኝ!"

በማግስቱ እመት ፍየል በወንዙ ዳር ስታልፍ አየችውና ቆመች።

"ምን ይላል ይሄ?" አለች።

"ወደ ሰርጉ ቤት ይላል። እንኳን ደህና መጡ፣ እመት!"

እመት ፍየል ወደ ኋላዋ ዞራ አየች። ሌላ ማንም የለም። "እኔን ነው?" አለች።

"ታዲያ ማንን? በዚህ በኩል፣ በዚህ በኩል! ቀንድዎን ዝቅ ያድርጉ።" ይህን ብሎ በአንዷ ሚስማር ላይ ዞር አለላት።

እመት ፍየል ገባች። ጎመኑን ከዳር ጀመረች፣ ከዳር ጨረሰች። እስከ ግንዱ በላችው። ስትወጣ አፏን እየላሰች፣ "ጨው አንሶታል። ግን ደህና ነው" አለች።

"ይቅርታ እመት፣ ለወጥ ቤቱ እናገራለሁ" አለ ታፔላው።

ከግድግዳው ሥር ተደግፎ የነበረ መኮትኮቻ ይህን ሁሉ ያይ ነበር። አርባ ክረምት ያገለገለ፣ እጀታው ሁለት ጊዜ የተቀየረለት መኮትኮቻ ነው።

"አንተ ጣውላ፣ አብደሃል?" አለው። "ሌባ አስገብተህ ይቅርታ ትጠይቃለህ?"

"ጋሼ፣ እርስዎ ከጓሮ ወጥተው አያውቁም" አለ ታፔላው። "ስለ መስተንግዶ ምን ያውቃሉ?"

ወይዘሮ ዘርፌ ጠዋት ወጥተው ባዶውን መደብ አዩ። "ኧረ ጎመኔን! ኧረ ለስንዱ ያልኩትን!" እያሉ ጮኹ። አቶ እንዳላማው ሽንቁሩን በእሾህ ደፈኑት። "ጣውላው አልጠበቀም ማለት ነው" አሉ። ታፔላውን ግን አልጠየቁትም።

በሰኔ አደንጓሬው ሐረግ ጣለ፤ የሚወጣበት እንጨት ፈለገ። አቶ እንዳላማው ታፔላውን አምጥተው ከመሀሉ ተከሉት። ሐረጉ እግሩን ጠመጠመው፣ ወገቡን ጠመጠመው፣ ወደ ቀስቱ ወጣ። አደንጓሬው ዛላ ያዘ። ታፔላውም ቁመቱ ስለተመለሰለት ኮራ።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ አያ ጦጣ ከአጥሩ ማዶ ካለው ዛፍ ላይ ሆኖ አየው።

"ማነው እዚያ ነጭ የለበሰው?" አለ።

"እኔ ነኝ። ወደ ሰርጉ ቤት የማሳየው። እንኳን ደህና መጡ!"

አያ ጦጣ ራሱን አከከ። ጦጣ ነገር ቶሎ ይገባዋል። "ሰርግ አላችሁ? ማን ጠራኝ ልበል?"

"የመጣ ሁሉ የተጠራ ነው። ግን ብቻዎን ነው እንዴ የመጡት? ቤተሰብዎስ? እንዲህማ አይሆንም፣ ባለቤቶቹ ይቀየማሉ!"

"እውነትህን ነው" አለ አያ ጦጣ። "ነውር ነው። ቆይ መጣሁ።"

ሄደና ሚስቱን፣ እናቷን፣ ሁለት ወንድሞቿንና የነሱን ልጆች ይዞ ተመለሰ። ዘጠኝ ናቸው ብያለሁ። አደንጓሬውን እሸቱን ፈለፈሉት። ታፔላው ከመሀል ቆሞ፣ "እዚያ ጋ ላሉት ደረሳቸው? እናትዬው በሉ እንጂ፣ ምነው እጅዎን ሰበሰቡ?" ይላል።

"አፍህን ዝጋ!" አለ መኮትኮቻው።

"እናትዬው አፈሩ፣ ጋሼ። አላዩዋቸውም እንዴ?"

ወይዘሮ ዘርፌ ሲደርሱ ከሐረጉ ላይ የቀረው ጥቂት ዛላ ብቻ ነበር፤ እሱም ያልበሰለው። ራሳቸውን ይዘው ተቀመጡ። አቶ እንዳላማው "ጦጣ ምን ይደረጋል?" አሉ። አሁንም ታፔላውን አልጠየቁትም።

በሐምሌ ዝናቡ በረታ። የድንቹ መደብ አፈሩ እየታጠበ መሄድ ጀመረ። አቶ እንዳላማው ታፔላውን ነቅለው ከመደቡ ጠርዝ በጎኑ አጋደሙትና አፈሩን አስደገፉት። ለዚህ ሥራ ጥሩ ነበር፤ አፈሩ ቆመ። ቀስቱ ግን ቀጥታ ወደ ድንቹ ሆነ።

ጋሽ ከርከሮ በዚያ በኩል የሚያልፍ ሰውነተ ከባድ፣ ቀስ ብሎ የሚሄድ አውሬ ነው። አጥር ሲያይ ይመለስ ነበር። "የሰው አጥር ምን አገባኝ" ይል ነበር። በዚያ ቀን ግን ከእሾሁ ማዶ ድምፅ ሰማ።

"ጌታዬ! በዚህ በኩል! ምነው ከደጅ ይመለሳሉ? እንኳን ደህና መጡ!"

"እኔ እንኳ ለመንገዴ ነው" አለ ጋሽ ከርከሮ።

"ሳይቀምሱ? አይሆንም! ባለቤቱ ያዝኑብኛል። አንድ እንግዳ ቢመለስ አዋረድከኝ ብለውኛል።"

"እንግዲህ ካልክ" አለ ጋሽ ከርከሮ። "ሰው አክብሮ ሲጠራ እምቢ ማለት ደግሞ ኩራት ይሆናል።" እሾሁን በግንባሩ ገፍቶ ገባ። "የቱ ጋ ልቀመጥ?"

"ቀስቴን ይከተሉ።"

ቀስቱን ተከተለ። በጥርሱ አንዱን መደብ ከጫፍ እስከ ጫፍ ገለበጠው። ገና ጣት የሚያክለውን ድንች እየሰነጠረ በላው። ሁለተኛው መደብ ጋ ሲደርስ ጠገበ። "እግዜር ይስጥልኝ" ብሎ ወጣ። ሥርዓት አለው።

አሁን ለስንዱ የቀረው አንድ መደብ ድንች ነው።

ወይዘሮ ዘርፌ የተገለበጠውን አፈር አዩ፣ የከርከሮውን ኮቴ አዩ፣ ከጠርዙም የተጋደመውን ቀስት አዩ። ከዚያ፣ "እንዳላማው፣ ና እስቲ" አሉ። "ፍየሏ የገባችው በየት ነበር?"

"በጣውላው በኩል።"

"ጦጣው የወረደውስ የት ላይ ነው?"

"ጣውላው የቆመበት።"

"ምሳሩን አምጣ" አሉ ወይዘሮ ዘርፌ።

አቶ እንዳላማው ምሳሩን አመጡ። ታፔላውን አንሥተው በግንድ ላይ አስደገፉት። ምሳሩን ከፍ ሲያደርጉ ወይዘሮ ዘርፌ ከንዴታቸው የተነሣ፣ "አንተ ጣውላ! ምን በድዬህ ነው?" ብለው ጮኹበት።

ጥያቄ ነበርና መለሰላቸው።

"ኧረ ምንም አልበደሉኝም፣ እትዬ። እኔስ ምን አጠፋሁ? እንግዳ መጣ፣ አስገባሁ።"

ምሳሩ ከአየር ላይ ቀረ።

"የምን እንግዳ?" አሉ ወይዘሮ ዘርፌ።

"የሰርጉ ነዋ! አቶ እንዳላማው ጠዋት ሲያቆሙኝ 'የመጣውን ሁሉ አስገባ፣ ማንንም እንዳትመልስ' አሉኝ። እኔም አንድ እንግዳ አልመለስኩም። ይጠይቋቸው። ድንኳኑ ሲፈርስ አይቼ ሊያሰፉት ነው ብዬ ነበር። ወንበሩ ሲሄድ ሌላ ሊያመጡ ነው ብዬ ነበር። ሰርጉ አልቋል ብሎ የነገረኝ አለ?"

አቶ እንዳላማው ምሳሩን ቀስ ብለው አወረዱ። መሬት መሬት አዩ። "እውነቱን ነው" አሉ። "አልነገርኩትም። ማን ለጣውላ ይነግራል? ስማ እንግዲህ አንተ ጣውላ፣ ሰርጉማ..."

"ቆይ!" አሉ ወይዘሮ ዘርፌ፣ የባላቸውን ክንድ ይዘው። "አትንገረው። መጀመሪያ ልጠይቀው።" ከታፔላው ፊት ቁጢጥ አሉ። "አንተ፣ እንግዳ ከማስገባት ሌላ ምን ታውቃለህ?"

"እጅ መንሣት አውቃለሁ።"

"እሱን አይተናል። ሌላስ?"

"ማሳየት አውቃለሁ። ቀስቴ ወደዞረበት ሰው ይሄዳል።"

"እሱንም አይተናል። ሌላስ?"

ታፔላው አሰበ። "ሌላ... የተራበ ሰው ማስቀመጥ አውቃለሁ። የዚያን ዕለት የሙሽሮቹ መኪና ወንዙ ማቋረጫ ላይ ጭቃ ያዘው አይደል? እንግዳው ከስድስት ሰዓት ጀምሮ ተቀምጧል፣ ሙሽሮቹ የደረሱት ዘጠኝ ሰዓት ነው። ሦስት ሰዓት ሙሉ ምግቡ እየሸተተው አንድ ሰው እጁን አልዘረጋም። ለሚያልፈው ሁሉ 'ሙሽሮቹ ሳይገቡ አይበላም' እለው ነበር። ሁሉም 'ልክ ነው' ይለኛል።"

ወይዘሮ ዘርፌ ባላቸውን አዩ። ባላቸውም እሳቸውን አዩ።

"ሙሽሮቹ የሚመጡት መቼ ነው?" አሉ ወይዘሮ ዘርፌ።

"ከመስቀል ማግስት" አሉ አቶ እንዳላማው።

"ስለዚህ ውሸት አይሆንም።"

"ውሸት አይሆንም። ግን ዘርፌ፣ እስከዚያ አስቀምጠናቸው በመጨረሻው ባዶ አፋቸውን ብንሸኝስ? ያ ደግሞ ማታለል ነው።"

"አንሸኝም" አሉ ወይዘሮ ዘርፌ። "ሙሽሮቹ ሲገቡ ለሁሉም የድርሻው ይደርሰዋል።"

ታፔላውን ወስደው በጓሮው መግቢያ ላይ በደንብ ተከሉት፣ እግሩን በድንጋይ አጠበቁት። ቀስቱን ግን ወደ ድንቹ አላዞሩትም። ከአጥሩ ውጭ የብሳና ዛፍ ነበረ፣ ከሥሩም ሣር። ቀስቱን ወደዚያ አዞሩት።

"የመጣውን ሁሉ ተቀበል" አሉ ወይዘሮ ዘርፌ። "ብሳናው ሥር አስቀምጥ። ሙሽሮቹ ሳይገቡ ግን አይበላም።"

"አውቃለሁ፣ እትዬ" አለ ታፔላው። "በዚህስ አልታማም።"

እንግዶቹ ተመለሱ። አንድ ጊዜ ጥሩ የበሉበትን ቤት ማን ይረሳል? መጀመሪያ እመት ፍየል መጣች።

"እንኳን ደህና መጡ፣ እመት! እዚያ ጥላው ሥር አረፍ ይበሉ። ሙሽሮቹ ገና አልገቡም።"

"ባለፈው እኮ በልቼ ነበር" አለች።

"ሙሽሮቹ ሳይገቡ?" አለ ታፔላው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እመት፣ ይህንን ለሰው አይንገሩ" አላት።

እመት ፍየል አፈረች። ሄዳ ብሳናው ሥር ተኛች።

ጋሽ ከርከሮም መጣ፤ ሲነገረው፣ "ይገባኛል፣ ይገባኛል፣ ሥርዓት ነው" ብሎ ከፍየሏ አጠገብ ቁጭ አለ። አያ ጦጣም ከዘጠኙ ጋር መጣ። እሱ ግን ከሣሩ ላይ ሆኖ ድንቹን ያያል፣ ታፔላውን ያያል፣ ድንቹን ያያል።

ሦስት ቀን እንዲህ ቆዩ። በአራተኛው ቀን አያ ጦጣ ተነሥቶ መጣ።

"ስማኝ ወንድሜ" አለ። "እኔ የወንዱ ወገን ነኝ። የወንድ ወገን ደግሞ ቀድሞ ነው የሚበላው።"

"እንዴት ያለ ክብር ነው!" አለ ታፔላው። "ግን ጌታዬ፣ የወንድ ወገን ከሙሽራው ጋር አብሮ ነው የሚገባው። እርስዎን ጥለውዎት ሄዱ እንዴ?"

ጋሽ ከርከሮ ከብሳናው ሥር ሳቀ። "ጥለውት ነው! እኔም ብሆን እጥለው ነበር!"

አያ ጦጣ ተመለሰ። በሳምንቱ ደግሞ መጣ።

"ልክ ነህ፣ የወንድ ወገን አይደለሁም። አሳላፊ ነኝ። ምግቡ እንዳይበላሽ ልቅመሰው።"

"እሰይ፣ አሳላፊ ቸግሮን ነበር። ፎጣዎ የት አለ?"

"የምን ፎጣ?"

"አሳላፊ በክንዱ ላይ ፎጣ ይይዛል። እርስዎ ክንድዎ ላይ ያለው ቁንጫ ነው።"

እመት ፍየል እስኪያስላት ሳቀች። አያ ጦጣ ጥርሱን አሳይቷት ተመለሰ። ግን አልተኛም። ከሚስቱ ጋር ሲንሾካሾክ ዋለ።

መስቀል ሊደርስ አሥር ቀን ሲቀረው፣ ረፋድ ላይ፣ ከጫካው እልልታ ተሰማ። ዘጠኙ ጦጣዎች እያጨበጨቡ መጡ። አያ ጦጣ አንገቱ ላይ ሐረግ አስሮ ከፊት ነው። ሚስቱ ራሷን በነጭ የዱር አበባ ሸፍና ከጎኑ ነች።

"ሙሽሮቹ መጡ!" አለ አያ ጦጣ። "መንገድ ልቀቁ!"

እመት ፍየል ተነሣች። ጋሽ ከርከሮም ተነሣ። መኮትኮቻው በግድግዳው ሥር ሆኖ፣ "አንተ ጣውላ፣ እንዳትሳሳት! አንድ መደብ ነው የቀረው!" ብሎ ጮኸ።

ታፔላው ተጨነቀ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ስንዱን ያያት አንድ ጊዜ ነው፤ ያኔም ፊቷ በነጭ መሸፈኛ ተሸፍኖ ነበር። ይቺም ነጭ ተሸፍናለች። ሙሽሮቹን ቢመልስ ቤቱን አዋረደ። ጦጣን ቢያስገባ ቤቱን አራቆተ። አሰበ፣ አሰበ፣ ከዚያ የሰርጉ ቀን ያየው ነገር ትዝ አለው።

"እንኳን ደህና መጣችሁ፣ ሙሽሮች!" አለ። "ግቡ። ግን ወደ ማዕዱ አይደለም። ሙሽራ ሲገባ መጀመሪያ የአባት ጉልበት ይሳማል። አቶ እንዳላማው በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል።"

አያ ጦጣ ወደ በረንዳው አየ። አቶ እንዳላማው ተቀምጠዋል። ከጉልበታቸው ላይ ከዘራ ተጋድሟል።

"ጉልበቱን?" አለ አያ ጦጣ።

"ጉልበቱን። ጎንበስ ብለው።"

አያ ጦጣ ከዘራውን አየ፣ ሚስቱን አየ። ሚስቱ አበባዋን ከራሷ ላይ አውርዳ፣ "አንተ ሳም፣ እኔ ቤት የተውኩት ሥራ አለ" ብላ ዛፍ ላይ ወጣች። የቀሩትም ተከተሏት። አያ ጦጣ ብቻውን ቀረ። ቀስ ብሎ ወደ ብሳናው ሄዶ ከጋሽ ከርከሮ ጀርባ ተቀመጠ።

"አሁን ሰው ሆንክ" አለው ጋሽ ከርከሮ።

መስቀል ዋለ። በማግስቱ ከሰዓት አንዲት ወጣትና አንድ ወጣት በእግራቸው መጡ። ወንዙ ማቋረጫ ላይ ጭቃ ይዟቸው እስከ ጉልበታቸው ጨቅይተዋል። ልጅቷ በራሷ ላይ ተራ ሻሽ ነው ያሰረችው።

"እንኳን ደህና መጣችሁ!" አለ ታፔላው። "እዚያ ጥላው ሥር አረፍ በሉ። ሙሽሮቹ ገና አልገቡም።"

ስንዱ አየችውና በሳቅ ወደቀች። ባሏን፣ "ይሄ እኮ የኛ ሰርግ ታፔላ ነው!" አለችው። ከዚያ ሮጣ በረንዳው ላይ ወጣች። ጎንበስ ብላ የአባቷን ጉልበት ሳመች፣ የእናቷን ጉልበት ሳመች። ባሏም ተከትሎ ሳመ። ወይዘሮ ዘርፌ አንገቷን አቅፈው አለቀሱ።

ታፔላው ይህንን ሲያይ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ "ሙሽሮቹ ገብተዋል!" አለ።

አቶ እንዳላማው መኮትኮቻውን አንሥተው ድንቹን አወጡ። ሁለት ጆንያ ሞላ። ድንቹ ተቀቀለ፣ ተወጠወጠ፣ ማዕዱ ሞልቶ ቀረበ። ስንዱ "እማዬ፣ ይህን ሁሉ ከየት አመጣሽው?" አለች። ወይዘሮ ዘርፌ "ከጓሮ" አሉ።

ቃላቸውንም አልረሱም። ጎመኑ ከግንዱ እንደገና አቆጥቁጦ ስለነበር ከእሱ አንድ እቅፍ ለእመት ፍየል ወሰዱላት። የደረቀውን አደንጓሬ ለአያ ጦጣ አደረሱት። ትንንሹንና መኮትኮቻ የቆረጠውን ድንች ለጋሽ ከርከሮ ሰጡት። እመት ፍየል ቀምሳ ቀና አለች።

"አሁንም ጨው አንሶታል" አለች።

በማግስቱ አቶ እንዳላማው ወደ ታፔላው ሄዱ። ሰርጉ ማለቁን ሊነግሩት ነበር፤ ሕሊናቸው ከብዷቸው ነው። ከፊቱ ቆሙ።

"ጌታዬ፣ አንድ እንግዳ ተመለሰብዎ?" አለ ታፔላው።

"አልተመለሰም" አሉ አቶ እንዳላማው።

"አዋረድኩዎ?"

"አላዋረድከኝም።" ይህን ብለው እግሩ ሥር ያለውን ድንጋይ አጥብቀው ተመለሱ። የቀረውን አልነገሩትም።

ስንዱ በየዓመቱ ከመስቀል ማግስት መምጣት ልማድ አደረገች። ታፔላውም በየክረምቱ እንግዶቹን ብሳናው ሥር ያስቀምጣል።

የተጣለ ዕቃ ለጓሮ ይጠቅማል የምትሉኝ ከሆነ፣ አዎ ይጠቅማል፤ ይህንን ግን እኔ ሳልነግራችሁም ታውቃላችሁ። እኔ የምላችሁ ይህን ነው፦ ለአሮጌ ዕቃ አዲስ ሥራ ከመስጠታችሁ በፊት አሮጌው ሥራው ምን እንዳስተማረው ጠይቁት። ለሰውም እንደዚያው ነው። ጠይቀውት ቢሆን ኖሮ ጎመኑም አደንጓሬውም ይተርፍ ነበር።

የሰማሁትን አድርሻለሁ። የጎደለውን የሚያውቅ ካለ ይሙላልኝ፣ እኔ አልቀየምም።

የነሱን ወሬ ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት ባለፈው ዓመት ነሐሴ አሥራ ስድስት ቀን፣ ወፍጮ ቤት ተራ ስጠብቅ፣ ከዚያ አገር ከመጣ ሰው ነው። አቶ እንዳላማው አርጅተዋል፣ ግን አሉ። ወይዘሮ ዘርፌም አሉ። የታፔላው ነጭ ቀለም ረግፏል፣ ጽሑፉ ጠፍቷል፣ ቀስቱ ብቻ በጭላንጭል ይታያል አለኝ። በመጪው መስቀል ስንዱ ልጅ ይዛ ትመጣለች ተብሎ ይጠበቅ ነበር። ሰውየው ከቤታቸው ሲነሣ ዝናብ ነበር፤ ብሳናው ሥር ሦስት ፍየሎች ተኝተው እንደነበር ነግሮኛል። መስቀል ገና ነበር፣ ሙሽሮቹም ገና አልገቡም ነበር።